ጥሩወርቅ ሜዳ የገባችበት ቀን

ጥሩወርቅ ስለ እግር ኳስ የምታውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው፣ ሃያ ሁለት ሰው አንዲት ኳስ ሲያሳድድ እንደሚውል፤ ሁለተኛው፣ ደብረ ታቦር እያለች ወንድሞቿ ስለዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ምሳቸው ቀዝቅዞ እንደሚቀር። ከዚያ በላይ ለማወቅ ጊዜውም ፍላጎቱም አልነበራት።

አርባ አራት ዓመቷ ነው። አል ዓይን ከተማ፣ አል ማቃም ሰፈር፣ ማዳም ሞዛ ቤት ከገባች አሥር ዓመት አልፏታል። የገባች ሰሞን ማዳም ገና አራስ ነበረች፤ ጥሩወርቅ ሻንጣዋን ሳትፈታ ነው ልጅቷን ያሳቀፏት። ልጅቷ ዩስራ ትባላለች። አንዷ አፍ ያልፈታች፣ ሌላዋ ከሰላምታ በቀር ዓረብኛ የማታውቅ ስለነበሩ፣ ቋንቋውን አብረው ነው የተማሩት ማለት ይቻላል። ዛሬም ሁለቱ ሲያወሩ ዓረብኛው መሃል "ኧረ!" እና "ወይ ጉድ!" ጣል ይደረግበታል፤ ከማን እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም።

ዩስራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ኳስ ያዛት። እንደ ጉንፋን ነው የጀመራት፤ ቀስ እያለ ደረቷ ውስጥ ገባ፤ በኋላ ታኬታዬን ሳላወልቅ ካልተኛሁ ማለት መጣ። እናቷ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ አባቷ በሥራው ምክንያት ከአገር አገር ሲዞር ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዩስራን ልጃገረዶች ኳስ ወደሚሠለጥኑበት ሜዳ ማድረሱ በጥሩወርቅና በሾፌሩ በጧሂር ላይ ወደቀ።

ጧሂር የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። በልጅነቱ ለሰፈሩ ቡድን አጥቂ ነበር። በቴስታ፣ ኳስ በግንባር በመግጨት፣ ጎል በማግባት የተካነ ስለነበር "ጧሂር መዶሻ" ይሉት እንደነበር ይናገራል። ይህን የሚናገረው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ምስክር እስካሁን አል ዓይን ውስጥ አልተገኘም።

ይኸው ሰው አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ካለው የቴምር ዛፍ ላይ ኳስ በመረብ አድርጎ ሰቀለ። ከፍታዋን በዩስራ ግንባር ልክ አስተካከለ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ "ዷ! ዷ! ዷ!" የሚል ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ጀመር።

"ስንት ደረስሽ?" ይላል ጧሂር መኪናውን እያጠበ።

"ሠላሳ!"

"ማሻአላህ! ሃያ ጨምሪ!"

ጥሩወርቅ ምስር እየለቀመች ትሰማለች፤ እያንዳንዷ "ዷ" የእሷን ጥርስ ታንገጫግጫለች። አንድ ቀን መቻል አቃታትና ወጣች።

"አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ ምን አድርጋህ ነው? ራስ እኮ ለማሰቢያ ነው የተሰጠን።"

"እትዬ ጥሩ፣ ቴስታ የሌለው ኳስ ጨው የሌለው ወጥ ነው!"

"ጨውስ ቢሆን ማዳም ቀንሺ ብላኛለች። ራስ ሳይጠና ጉተና ሲባል አልሰማህም? እስቲ አንገቷን እያት፤ የሽንኩርት ቅጠል ነው የምታህለው።"

ጧሂር ሳቀ፤ ዩስራም ሳቀች፤ ኳሷም መወዛወዟን ቀጠለች። ጥሩወርቅ ወደ ምስሯ ተመለሰች። አንዳንድ ቀን ዩስራ እራት ላይ ግንባሯን ስታሽ ታያታለች። "አመመሽ?" ስትላት፣ "ኧረ ምንም አይደል!" ትላለች በአማርኛ። ያቺን አነጋገር ያስተማረቻት ቀን ጥሩወርቅን ይቆጫት ነበር።

ሜዳው ዳር፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ አንድ ረዥም አግዳሚ ወንበር አለ። ወላጆች እምብዛም አይቀመጡበትም፤ የሞግዚቶች ነው። ጥሩወርቅ፣ ከጎንደር የመጣችው ወጣቷ እየሩሳሌም፣ ማሪቴስ የምትባል ፊሊፒናዊት፣ ሁለት ኬንያውያን፤ እያንዳንዳቸው የአንዲት ልጅ ቦርሳና የውሃ ኮዳ ታቅፈው ይደረደራሉ። አሠልጣኙ ሰፍዋን ቱኒዚያዊ ነው። ልጆቹ ይወዱታል፤ ሰዓት ያከብራል፤ ሕጉም አጭር ነው፤ ከነጩ መስመር ወዲያ ከተጫዋች በቀር ማንም አይገባም።

ነገሩ የሆነው ኅዳር ላይ፣ አንድ ረቡዕ ነው። ሙቀቱ በረድ ብሎ ነበር። ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ይጫወታሉ። በረኛዋ ኳሷን ጠልዛ ወደ ሰማይ ሰደደቻት። ዩስራ ከታች ቆማ ጠበቀቻት፤ ከሌላው ወገን አንዲት ረዥም ተከላካይ እየሮጠች መጣች። ሁለቱም ዘለሉ። ኳሷን አንዳቸውም አላገኟትም፤ የተገናኙት ጭንቅላቶቻቸው ናቸው። ድምፁ አግዳሚው ድረስ ተሰማ።

ረዥሟ ልጅ ጆሮዋን ይዛ ወዲያው ተነሳች። ዩስራ ትንሽ ቆይታ ተነሳች። ሰፍዋን ሮጦ መጣ፤ ግንባሯ ላይ ውሃ ረጨ፤ "ስምሽ ማነው?" አላት። "ዩስራ" አለች። "ጀግና!" አላት። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ጥሩወርቅ ግን ዓይኗን ከልጅቷ አላነሳችም። ዩስራ መጀመሪያ ሄዳ የቆመችው ከተቃራኒው ቡድን ጋር ነው፤ ጓደኛዋ ማልያዋን ይዛ ጎትታ መለሰቻት። ልጆቹ ሳቁ። ቀጥሎ ኳስ ወጥታ ጨዋታው ሲቆም ወደ መስመሩ መጣች።

"ጥሩ፣ እራት ምንድን ነው?"

"ማካሮኒ።"

"እሺ" ብላ ሄደች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ መጣች።

"ጥሩ፣ እራት ምንድን ነው?"

"ማካሮኒ አልኩሽ እኮ፣ የኔ ቆንጆ።"

"እሺ።"

ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ ያንኑ ስትጠይቃት ጥሩወርቅ ከአግዳሚው ብድግ አለች። ይቺ ልጅ ማካሮኒ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ከሰማች እስከ እራት ድረስ ስትዘፍነው የምትውል ናት። ፊቷን አየቻት። ዓይኖቿ ጥሩወርቅ ላይ ናቸው፤ ግን ራቅ ካለ ቦታ ሆነው የሚያዩ ይመስላሉ።

"እየሩስ፣ ይቺን ቦርሳ ያዢልኝ።"

"እትዬ ጥሩ፣ መግባት ክልክል ነው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

በነጠላ ጫማዋ ነጩን መስመር ተሻገረች። ከመስመሩ እስከ ዩስራ ድረስ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በዚያች መንገድ ላይ ግን ጥሩወርቅ ብዙ ነገር አሰበች። ካፊሏ፣ ቪዛዋን የያዘው አሠሪ፣ የዩስራ አባት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ለመታደስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ነገ "ዕቃሽን ሸክፊ" ቢሏት ምን ትላለች? ደግሞ ልጅቷ ምንም ያልሆነች እንደሆነስ? ይህን ሁሉ እያሰበች እግሯ አልቆመም፤ የሰፍዋን ፊሽካ ጆሮዋ ሥር ሲጮህም አልቆመም።

"ማዳም! ማዳም! ኸላስ፣ በቃ! ወደ ውጭ!"

"ኸላስ ያልኩስ እኔ ነኝ" አለች የዩስራን ትከሻ ይዛ። "ልጅቷ ዛሬ አትጫወትም።"

"አይቻታለሁ። ስሟን ጠይቄያት ነግራኛለች። ደህና ናት።"

"ስሟንማ አሥር ዓመት ሙሉ ስጠራው የኖርኩት እኔ አይደለሁ? እንዴት ይጠፋታል! ደህና አይደለችም።"

"ለእናቷ እደውላለሁ!"

"ደውል። ቁጥሯ አለህ።"

ዩስራ ማልቀስ ጀመረች፤ ከሕመሙ ይልቅ ሐፍረቱ ነበር። "ጥሩ፣ ተዪኝ! ሁሉም እያዩኝ ነው!" የጥሩወርቅ ልብ ቅቤ ሆነ፤ እጇ ግን አልላላም። እቅፍ አድርጋ አወጣቻት። መኪናው ጋ ሲደርሱ ጧሂር ስልኩን ጣል አድርጎ ተነሳ።

"ወደ ቤት?"

"ወደ ሆስፒታል።"

ገና ከግቢው ሳይወጡ የጥሩወርቅ ስልክ ጮኸ። ማዳም ሞዛ ናት፤ ጥሩወርቅ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

"ጥሩወርቅ! አሠልጣኙ ደውሎልኝ ነበር። ሜዳ ገብተሽ ጨዋታ አቋርጠሻል ይላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው ማዳም።"

"ልጅቷ ደህና ናት ብሎኛል እኮ!"

"ማዳም፣ እራት ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሦስቴም ነግሬያታለሁ። ወደ ሆስፒታል እየወሰድናት ነው።"

ያኔ ዩስራ ራሷን ከመስኮቱ ላይ አንስታ፣ "ጥሩ፣ እራት ምንድን ነው?" አለች።

"መጣሁ" አለች ማዳም ሞዛ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ሆስፒታል እንደገቡ ዩስራ አስመለሳት። ያየቻት ሐኪም ሱዳናዊት ነበረች፤ ረጋ ያለች ሴት። ጣቷን እያንቀሳቀሰች በዓይኗ አስከተለቻት፤ በአንድ እግሯ አቆመቻት፤ አምስት ቃል ነግራት ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሳ ጠየቀቻት። ዩስራ ሁለቱን ብቻ አስታወሰች። "ኮንከሽን ነው" አለች ሐኪሟ፤ "ጭንቅላት በኃይል ሲመታ አንጎል በውስጡ ይናወጣል፤ ያ ማለት ነው። እዚህ ትንሽ እናቆያታለን፤ ከዚያ ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት፤ ትድናለች። ግን በዚህ ላይ ሌላ ምት ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ አሁን የምናወራው ሌላ ነገር ነበር። ከሜዳ ያወጣት ማነው?"

ማዳም ሞዛ በዓይኗ ጥሩወርቅን አሳየች። ሐኪሟ "ጎበዝ" ብላ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማዳም ሞዛ ብዙ ቃል የሚወጣት ሰው አይደለችም። ዓይኗ የጥሩወርቅ እግር ላይ አረፈና፣

"ጥሩወርቅ፣ አንዱ ጫማሽ የታል?" አለች።

ጥሩወርቅ እግሯን አየች። እውነትም አንዱ ባዶ ነው። "ሜዳው ላይ ቀርቶ መሆን አለበት፣ ማዳም።"

ማዳም ሞዛ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ከዚያ የጥሩወርቅን እጅ ይዛ ሐኪሟ እስክትጠራቸው ድረስ አልለቀቀችም።

ቀጥሎ የመጣው ሁለት ሳምንት ለጥሩወርቅ ከሜዳው የከበደ ነበር። ኳስ የለም፤ ሩጫ የለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትምህርት ቤትም ታብሌትም የለም። ዩስራን ዝም ብለሽ ዕረፊ ማለት ፌንጣን አትዝለይ እንደማለት ነው። ራስ ምታቱ ሲተዋት ጥሩወርቅ የእንቁላል ካርቶን አምጥታ፣ በቴምር ፍሬ ገበጣ አስተማረቻት። በሦስተኛው ቀን ዩስራ አሸነፈቻት። በአምስተኛው ቀን ጥሩወርቅ አንድ ጊዜ እንኳ ማሸነፍ ስላቃታት ጨዋታውን ያስተማረቻት ሰዓት ይረገም አለች፤ ግን ደስ ብሏታል፤ ልጅቷ መቁጠር እንደማይጠፋት በዓይኗ አይታለችና።

ጧሂር ያን ሰሞን ወጥ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆሞ ይመለስ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያው መጥቶ ቆመ።

"እትዬ ጥሩ..."

"አቤት።"

"እኔ ነኝ ኳሷን የሰቀልኩት። በየቀኑ ሃያ ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ ባላስተምራት ኖሮ አትዘልም ነበር።"

ጥሩወርቅ እጇን አደራረቀች። ልትቆጣው ነበር፤ ፊቱን ስታየው ግን ቁጣው ጠፋባት። "ክፋት አስበህ አላደረግከው። እኔስ ብሆን ግንባሯን ስታሽ እያየሁ ምን ብዬ ዝም አልኩ? በል ቆመህ አትከዝ፤ መሰላል አምጣና አውርዳት።"

ወዲያው አወረዳት።

ጥሩወርቅ ነገሩን በልቧ ይዛ የምትቀር ሴት አይደለችም። አቡ ዳቢ፣ አል ናህያን ሰፈር የምትኖር ሶስና የምትባል ነርስ ወዳጅ አለቻት። ከሦስት ዓመት በፊት ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲሄዱ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የተዋወቁት። አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ ኦርቶዶክስ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ጾም ሲከራከሩ ሄደው ሲወርዱ ስልክ ተለዋወጡ። ጥሩወርቅ ደወለችላት።

"ሲስተር፣ ይሄ ቴስታ የሚሉት ነገር ለልጅ ደህና ነው?"

"ሁለት ነገር ነው እትዬ ጥሩወርቅ" አለች ሶስና። "አንደኛው እናንተን የገጠማችሁ ነው። ኳሷን በራስ ለመምታት ሁለት ልጆች ሲዘሉ ይጋጫሉ፤ ብዙ ጊዜ ኮንከሽን የሚመጣው በዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ኳሷን ራሷን ደጋግሞ በጭንቅላት መምታት። እሱ የቱን ያህል እንደሚጎዳ ገና እየተጠና ነው፤ ሁሉም ታውቋል ብልሽ እዋሻለሁ። ግን የልጅ አንገት ቀጭን ነው፣ ራሱ ደግሞ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ። ስለዚህ በአንዳንድ አገሮች ለትንንሽ ልጆች ከልክለውታል። ሲያድጉ በሥርዓቱ ይማሩታል፤ ምን ያስቸኩላል?"

"እኔስ ምን አልኩ! ራስ ሳይጠና..."

"ጉተና!" ብላ ጨረሰችላት ሶስና፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ሶስና በድምፅ መልእክት ምልክቶቹን አንድ በአንድ ላከችላት። ልጅ ስትመታ ስሟን መጠየቅ አይበቃም፤ የት እንዳለች፣ ማን እየመራ እንደሆነ፣ ቅድም ምን እንደተደረገ ጠይቂ። ራሷን ካመማት፣ ካጥወለወላት፣ ብርሃን ከረበሻት፣ ከተንገዳገደች፣ ወይ "እሷ አትመስልም" ካልሽ ታውጪያለሽ፤ ያን ቀን አትመለስም፤ ሐኪም ያያታል። ዩስራ ገና ባትጫወትም ጥሩወርቅ ሰኞ ለት ሜዳ ሄዳ መልእክቱን አግዳሚው ላይ አሰማችና ወደ ዓረብኛ መለሰችው፤ ማሪቴስ በእንግሊዝኛ ጻፈችው፤ ኬንያውያኑ በስዋሂሊ ያዙት። እየሩሳሌም ብቻ አንድ ነገር ከነከናት።

"እትዬ ጥሩ፣ ምልክቱን ብናይስ? ማን ይሰማናል?"

ጥሩወርቅ ማታውኑ ይህንኑ ለማዳም ሞዛ ነገረቻት።

መልሱ የመጣው ከማዳም ሞዛ ነው። አንድ ቅዳሜ ስድስት እናቶችንና አሠልጣኝ ሰፍዋንን ቤቷ ጠራች። ጥሩወርቅ ሻይ ይዛ ገባች፤ ትሪውን አስቀምጣ ልትወጣ ስትል፣ "ተቀመጪ" አለቻት ማዳም። ጥሩወርቅ እዚያ ሳሎን ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ አቧራ ጠርጋለች፤ ተቀምጣ ግን አታውቅም። ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሰፍዋን ክንዱን አጣጥፎ ነበር። "ውድድሩ ሰባት ሳምንት ነው የቀረው" አለ። "አቡ ዳቢ ላይ የሚገጥሙን ቡድኖች በጭንቅላት ይጫወታሉ። የኔ ልጆች ብቻ ኳስ ከላይ ስትመጣ ቆመው ሊያዩ ነው? እኛም ልጅ ነበርን እኮ፤ እንዲህ አልተደረገልንም። አሥራ ስድስት ዓመቴ እያለ ከአንድ ተከላካይ ጋር ተጋጭቼ ወደቅሁ። ተነሳሁ፤ ተጫወትኩ፤ የማሸነፊያዋን ጎል አገባሁ! ያቺን ጎል እስከ ዛሬ..."

እዚህ ላይ ቆመ።

"እስከ ዛሬ ምን?" አለች ማዳም ሞዛ።

ሰፍዋን ክንዱን ፈታ። "እስከ ዛሬ አላስታውሳትም" አለ ቀስ ብሎ። "ማግባቴን የሰማሁት ከጓደኞቼ ነው።"

ቀድማ አፏን የከፈተችው ጥሩወርቅ ናት። "ምስኪን!" አለች። "ያገባኸው አንተ፣ የተደሰተው ሌላ ሰው።"

መጀመሪያ ሰፍዋን ነው የሳቀው። ሻዩን አንስቶ ጠጣ፤ ከዚያ ወረቀት ጠየቀ። ያን ቀን የተስማሙበት አጭር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ልምምድም ላይ ጨዋታም ላይ ቴስታ የለም፤ ከላይ የመጣችን ኳስ በደረት ማብረድ ወይም እስክትወርድ መጠበቅ። ራሷን የተመታች ልጅ ትወጣለች፤ ያን ቀን አትመለስም። ምልክቱን ያየ ሰው፣ እናትም ይሁን ሞግዚት፣ እጁን ያነሳል፤ አሠልጣኙ ጨዋታ ያስቆማል። የመጨረሻዋን መስመር ራሱ ሰፍዋን ነው የጻፋት።

ዩስራ ሐኪሟ "አሁን ትችያለሽ" ካለቻት በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳ ተመለሰች፤ መጀመሪያ በእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ በሩጫ፣ በመጨረሻ ከኳስ ጋር። ጧሂር በትርፍ ጊዜው ኳስ በእጁ እየወረወረ በደረቷ ማብረድ ያለማምዳት ጀመር። "ደረት ላይ ስታርፍ እንደ ትራስ ሁኚ!" ይላታል። ሙያው እንደዚህ ሲለወጥ "መዶሻ" የሚለውን ስም በምን እንደሚተካው ጥሩወርቅ ብትጠይቀው፣ እያሰበበት እንደሆነ ነገራት።

ጥር ገባና ውድድሩ ደረሰ። ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡሱ ከአል ዓይን ተነሳ፤ ልጆቹ እየዘፈኑ፣ ሞግዚቶቹ ሳንድዊች እያደሉ አቡ ዳቢ ገቡ። ሶስና ተረኛ ስላልነበረች ሜዳው ድረስ መጣች፤ እሷና ጥሩወርቅ ተቃቅፈው ሳይጨርሱ የመጀመሪያው ጨዋታ ተጀመረ።

ሁለት ለዜሮ ተሸነፉ። ሁለቱም ጎሎች ከማዕዘን ምት የተገኙ ቴስታዎች ናቸው። አንዲት እናት፣ "ይኸው! ቆመው እያዩ!" ብላ አጉረመረመች። ጧሂር አፉን ከፈተ፤ ጥሩወርቅ አየችው፤ አፉን ዘጋ። ሁለተኛው ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ አለቀ።

በሦስተኛው ላይ ነገር ተለወጠ። አንዲት ረዥም ኳስ ከላይ ወደ ዩስራ መጣች። ተቃራኒዋ በግንባሯ ልትገጭ ዘላ ሳታገኛት አለፈች፤ ዩስራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ኳሷን በደረቷ አበረደቻት፤ እግሯ ሥር ስትወድቅላት ጠልዛ መረቡ ውስጥ ከተተቻት። ጧሂር ከጩኸቱ የተነሳ ድምፁ ለሁለት ቀን ተዘጋ። ጥሩወርቅ ደግሞ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ረዥሟ ተከላካይ፣ ያን ረቡዕ ከዩስራ ጋር የተጋጨችው ልጅ፣ በቅርብ ርቀት የተመታች ኳስ ጆሮ ግንዷ ላይ አረፈችባት። አልወደቀችም። ተንገዳገደችና ቆመች። አግዳሚው ሙሉ በሙሉ ብድግ አለ፤ አምስት እጆች ወደ ላይ ወጡ። ግን ሰፍዋን ከሁሉም ቀድሞ እጁን አንስቶ ነበር። ተቀያሪ ልጅ አልነበረውም፤ ሁለቱ ታመው አል ዓይን ቀርተዋል። ይህን እያወቀ ዳኛዋን አስፈቅዶ ገባ፤ ልጅቷ ፊት ተንበርክኮ አንድ ነገር ጠየቃት፤ መልሷን ሰማ፤ እጇን ይዞ አወጣትና ለሶስና አስረከባት።

በአንድ ሰው ጎደሎ ተጫወቱ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ገባባቸው። አንድ ለአንድ።

ሰፍዋን መጥቶ ከጥሩወርቅ አጠገብ ዘፍ አለ። "ስንተኛ ወጣን?"

"ሦስተኛ" አለች እየሩሳሌም ውጤቱን ከወረቀት ላይ አይታ።

"ከስንት?"

"ከአራት።"

ሰፍዋን ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወደ ረዥሟ ልጅ አየ። ሶስና ጥላ ሥር አስቀምጣት ጥያቄዎቿን እየጠየቀቻት ነው። "ምን አለችሽ?" ብሎ ከሩቅ ጮኸ።

"ራሷን ትንሽ አሟታል። ሐኪም ይያት፤ ዛሬ ግን በደንብ ነው ያወጣሃት" አለች ሶስና።

በኋላ ሐኪሙ ቀላል ነው ብሎ ሳምንት አሳረፋት፤ ልጅቷም ደህና ሆነች።

ከውድድሩ በኋላ ኮርኒሽ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወርደው በሉ። ልጆቹ ዓሣ ጥብስ ላይ ሲረባረቡ ዋንጫ የበሉ እንጂ ሦስተኛ የወጡ አይመስሉም ነበር። ማዳም ሞዛ ወንበሯን ወደ ጥሩወርቅ አስጠጋች።

"በሚመጣው እሑድ የወዳጅነት ጨዋታ አለ" አለቻት። "ትመጪልኛለሽ አይደል? አንቺ ስትኖሪ ልቤ ያርፋል።"

ጥሩወርቅ አመነታች። ከዚህ በፊት ማዳምን "አይ" ያለችበትን ቀን አታስታውስም። "ማዳም፣ እሑድ ጥምቀት ነው። እኔና እየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ነን። ማሪቴስ አለች፤ ከእኔ የበለጠ ዓይን አላት።"

ማዳም ሞዛ ማሪቴስን አየቻት። ማሪቴስ በአንድ እጇ ድንች ጥብስ እየበላች በሌላው ሁለት ልጆች ውሃ ዳር እንዳይደርሱ ይዛ ነበር። "እሺ" አለች ማዳም፤ በአማርኛ።

የጥምቀት ዕለት ጥሩወርቅ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ስልኳን ዘግታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ስታጨበጭብ ዋለች። ዩስራ አንድ ሁለቴ ትዝ አለቻት፤ ስልኳን ግን አልከፈተችም። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ከእየሩሳሌም ጋር ጥላ ፈልገው ተቀመጡና ስልኳን ከፈተች። ከማሪቴስ መልእክት መጥቷል።

"ምን አለች? ምን አለች?" አለች እየሩሳሌም አንገቷን አስግጋ።

ጥሩወርቅ አነበበችላት። "ሁሉም ልጆች ደህና ናቸው። የማንም ጭንቅላት አልተነካም። አምስት ለዜሮ ተሸንፈናል።"

"አምስት!" አለች እየሩሳሌም።

"ምን ችግር አለው" አለች ጥሩወርቅ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ከበሮው እንደገና ተጀምሮ ነበርና ተያይዘው ሄዱ።